የአርቮ አውራ ጣት

ቨርን የብስክሌቱን የፊት ጎማ በትከሻው አንጠልጥሎ ሲገባ፣ ሄልሚ የብስክሌት ጥገና ሱቁን መጋረጃ ገና እየሰበሰበች ነበር። ቨርን የመንደሩ ፖስተኛ ነው። በአንድ እጁ ጎማውን፣ በሌላው በወረቀት የተጠቀለለ፣ ድንችና ሥጋ የታጨቀበት ትኩስ ፓስቲ ይዟል፤ የታጨቀው ግማሹ ጺሙ ላይ ቀርቷል።

«ይኸው ዛሬም ተኝቶ አደረ» አለ፣ ጎማውን ጠረጴዛው ላይ እያጋደመ። «ማታ እነፋዋለሁ፤ ጠዋት ሳየው እንደ ሊጥ ተልፈስፍሶ አገኘዋለሁ። ሁለቴ ወተት ጨመርኩበት፤ ምንም ለውጥ የለም።»

«የምትጠጣውን እንዳይሆን የጨመርከው» አለ አባቷ አርቮ ከምድጃው አጠገብ፣ ኩባያውን በሁለት እጁ አቅፎ።

«ብጠጣው ይሻለኝ ነበር። ቢያንስ እኔን ይደፍነኝ ነበር።»

ወተት የሚሉት ጎማው ውስጥ የሚጨመረውን ነጭ ማሸጊያ ነው። የተራራ ብስክሌት ካመናዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ መጠቀም ካቆመ ቆይቷል፤ ጎማው ራሱ ቸርኬው ላይ ተጣብቆ አየሩን ይይዛል፣ እሾህ ወይም የማዕድን ድንጋይ ቢወጋው ወተቱ ወደ ቀዳዳው ሮጦ እዚያው ይረጋል። ስለዚህ በዚህ መንደር ጎማው የተነፈሰበት ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው ወተት መጨመር ነው። ሁለተኛም የሚያደርገው ወተት መጨመር ነው። ሦስተኛ ላይ ወደ አርቮ ሱቅ ይመጣል።

ሄልሚ ጎማውን ጠንከር አድርጋ ነፋችና ወደ ገንዳው ወሰደችው። ገንዳው ከአያቷ ሳውና፣ ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ የመጣ የቆርቆሮ ገንዳ ነው። ሌላ ቦታ ጎሚስታው ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፣ ሳሙና ይቀባል፤ በዚህ ቤት ግን ጎማ ውኃ ውስጥ ይገባል፣ ሰውም ዝም ብሎ ያያል። ጎማውን አጥልቃ ቀስ እያለች አዞረችው። መሬት ከሚነካው ፊቱ ምንም አልወጣም። የጎማው ከንፈር ከቸርኬው ጋር በሚገናኝበት በኩልም ምንም የለም። ቫልቩ ሥርም ውኃው ጸጥ እንዳለ ነው።

ከዚያ፣ ከቫልቩ ትይዩ፣ አንዱ ሽቦ ቸርኬው ውስጥ ከሚገባበት ጥግ፣ እንደ ክር የቀጠነ የአረፋ ሰልፍ ወደ ላይ ወጣ።

«ጎማው ምንም የለበትም» አለች ሄልሚ። «ከውስጥ ነው።»

ቸርኬ ለሽቦዎቹ ሲባል ዙሪያውን የተበሳ ነው። ያን ሁሉ ቀዳዳ የሚሸፍነው ከውስጥ የሚለጠፍ ቀጭን ፕላስተር ነው፤ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ መለጠፍ አለበት። ላላ ካለ ወተቱ ከሥሩ ይሰርጋል፣ አየሩም ቀስ በቀስ ይከተለዋል፤ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል ስለሚወጣ ፈላጊውን ያታልላል። በዚህ ሱቅ ፕላስተር የሚለጥፈው አርቮ ብቻ ነው። ሄልሚ ፍሬኑንም ሰንሰለቱንም ትሠራለች፤ ፕላስተሩ ግን የእሱ ነው። በግራ እጁ እየጎተተ፣ በቀኝ አውራ ጣቱ እየተጫነ ዙሪያውን ይሄዳል። «አውራ ጣቴ ያላለፈበት ፕላስተር፣ ፕላስተር አይባልም» ይላል። ሥራውን ሲጨርስ ነፍቶ ማንጠልጠያው ላይ ያሳድረዋል፤ ጠዋት ሲጫነው ጠንካራ ከሆነ ጎማው ላይ በጠመኔ አንድ ጭረት ያደርግበታል። መንደሩ ውስጥ ያቺ ጭረት ካለች ማንም ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም።

ሄልሚ አየሩን ለቀቀችና ጎማውን ከቸርኬው አላቀቀች። ወተቱን በጨርቅ ጠረገች። ፕላስተሩ መሐል ለመሐል ሽብሽብ ብሏል፤ ሽብሽቡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይሄዳል። በጥፍሯ ነካ ስታደርገው ከነጩ ፈሳሽ ጋር ተያይዞ እንደ እርጥብ ቆዳ ተላጠ።

«ቨርን በብረት ሲያወልቀው ቧጭሮት ነው» አለ አርቮ፣ ሳይነሣ።

«እኔ?» አለ ቨርን። «አንተ ከለጠፍከው ወዲህ እጄም አልነካው። ወተቱንም በቫልቩ ነው የጨመርኩት።»

ሄልሚ ከጠረጴዛው ቀና አለች። ዓይኗ ማንጠልጠያው ላይ ነበር። ሁለት ጎማዎች ተሰቅለዋል፤ ሁለቱም ላይ ጭረቷ አለች፣ ባለቤቶቻቸው ሰኞ የሚወስዷቸው ናቸው። ሄዳ ተጫነቻቸው። ድንጋይ ናቸው። እፎይ ልትል ነበር፤ ከዚያ ወለሉ ላይ ትልቁ ፓምፕ ከቦታው ተነሥቶ ማንጠልጠያው ሥር መቆሙን አየች። ማታ ሱቁን ስትዘጋ በሩ ጋ አስቀምጣው ነበር።

«አባዬ፣ እነዚህን ዛሬ ጠዋት ነፍተሃቸዋል?»

አርቮ ኩባያውን ወደ አፉ ወሰደና ሳይጠጣ መለሰው።

«ትንሽ ነው» አለ። «ብርዱ ነው። በብርድ ሁሉም ጎማ ትንሽ ይሟሽሻል።»

«ከነፋሃቸው በኋላ ነው ጭረቷን ያደረግኸው?»

ቨርን ፓስቲውን ማኘክ አቆመ።

ሄልሚ አንደኛውን ጎማ አውርዳ ገንዳው ውስጥ ከተተችው። ብዙ አልጠበቀችም። ከሽቦው ሥር ያ ክር ወጣ።

«በዚህ ሳምንት ሌላ የማንን ለጠፍክ?»

«የዶሪንን» አለ አርቮ። ከዚያ ቆይቶ፣ «የፊቱን» አለ።

ዶሪን ትሬሎር ክረምቱን የመንገዱን በረዶ የምትጠርገውን ትልቅ መኪና የምትነዳ፣ በጋውን ደግሞ ከሸንተረሩ ቁልቁል የሚቀድማት ያልተገኘ ሴት ናት። የቁልቁለቱ የብስክሌት ውድድር ዛሬ ነው። ጠዋት በዚሁ ሱቅ በር ስታልፍ ደወሏን አቃጭላ ነበር።

ከሸንተረሩ ትንሽ ወረድ ብሎ የድሮው መዳብ ማውጫ ግንብ አለ። መንገዱ በእንጨት ርብራብ ግንቡን ይሻገርና እዚያው ላይ ድንገት ወደ ግራ ይታጠፋል፤ ከሥሩ የማዕድኑ ፍርስራሽ ድንጋይ ተከምሯል። መታጠፊያው ላይ የሰውየው ክብደት በሙሉ የፊት ጎማው ላይ ይወድቃል። አየሩ የጎደለ ጎማ እዚያ ጋ ከንፈሩ ከቸርኬው ይላቀቃል፤ የቀረውንም አየር በአንዴ ይተፋዋል። ይህን ለማወቅ ምህንድስና መማር አያስፈልግም።

ሄልሚ ስልኳን አወጣች። ጠርቶ ጠርቶ ወደ ድምፅ መልእክት ገባ። ሸንተረሩ ላይ ስልክ ሠርቶ አያውቅም።

«እስከ እኩለ ቀን ጊዜ አለ» አለች ለራሷ። «የመጨረሻው ሰው ሳይደርስ አይጀምሩም።»

የዚያ ውድድር ደንብ ነው። ሁሉም በገዛ እግሩ እየረገጠ ዳገቱን ይወጣል፣ ላይ ደርሶ ቁጭ ይላል፣ የሄል ዳቦውን ይበላል፣ ይሰዳደባል፤ ቀርፋፋው እስኪመጣ ድረስ ማንም ቁልቁል አይወርድም።

ቨርን ጉሮሮውን ጠረገ። «የመጨረሻውማ ሁልጊዜ እኔ ነኝ» አለ። «እኔ ከሌለሁ... ዘንድሮ በጊዜ ነው የሚጀምሩት።»

ሄልሚ የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች። በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። አባቷ ከወንበሩ አልተነሣም።

«ተነሥ እንጂ።»

«አንቺ ሂጂ። ንገሪያት።»

«እኔን አትሰማኝም። ለምን እንደማትሰማኝ ታውቃለህ።»

ያውቃል። ሄልሚ ሩቅ ከተማ ሄዳ የብረታ ብረት ምህንድስና ተምራ፣ እዚያው ብዙ ዓመት ሠርታ፣ ባለፈው መከር ነው የተመለሰችው። ለምን ተመለስሽ ሲሏት በየጊዜው የተለያየ መልስ ትሰጣለች፤ አንዱም ውሸት አይደለም፣ አንዱም ግን እሷን ራሷን አያሳምናትም። በግንቦቱ ውድድር መነሻው ላይ የዶሪን ቸርኬ ተሰንጥቋል ብላ በሰው ፊት አስቆመቻት። ዶሪን አምናት ከውድድሩ ወጣች። በማግስቱ አርቮ ስንጥቁን በጨርቅ ሲያሸው ለቀቀ፤ የቀለም ጭረት ነበር። መንደሩ በሙሉ ሳቀ፣ አርቮም አብሮ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዶሪን ሄልሚን በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ «እንጂነሯ» ናት የምትላት።

«ጎማው ይይዛል» አለ አርቮ። «የዶሪንን ደህና አድርጌ ነው የለጠፍኩት።»

«ጠዋት ስትጫነው ጠንካራ ነበር?»

ምድጃው ውስጥ እንጨቱ ተንጣጣ። አርቮ ኩባያውን መሬት አስቀመጠና ተነሣ። ኮቱን ሲለብስ አዝራሮቹን ሳይቆልፍ ተዋቸው።

«አስነሺው» አለ።

መንገዱ ላይ ከታላቁ ሐይቅ የተነሣው ጉም እንደ ጥጥ ተኝቷል። ሄልሚ ፒካፑን የምትነዳው የመንገዱን ነጭ መሥመር እየተከተለች ነው። አባቷ ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ በጎኑ መስኮት በኩል ያያል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«አባዬ።»

«በረዶው ሳይቀልጥ» አለ። «መጀመሪያ ጫፉ ብቻ ነበር የሚደነዝዘው። አሁን ሙሉውን ነው። ስጫን የተጫንኩ ይመስለኛል፣ ግን... የሌላ ሰው ጣት ነው የሚመስለኝ።»

«ሐኪም ዘንድ ሄድክ?»

«ሐኪም ምን ያደርግልኛል? መሰርሰሪያው ነው። ማዕድን ማውጫው ውስጥ ያንን መሰርሰሪያ አብረውኝ የያዙት ሁሉ እንዲህ ሆነዋል። እኔ ዘግይቶብኝ ነው።»

«ለእኔ ብትነግረኝስ?»

«ምን ብዬ? አንቺ ትሂጂ አትሂጂ ገና አልለየልሽም። ሻንጣሽ እንኳ ሙሉ በሙሉ አልተፈታ።» ወደ እሷ ዞረና፣ «ሰው ያለውን ሁሉ አሳልፎ የሚሰጠው ለሚቆይ ሰው ነው» አለ።

ሄልሚ ፍሬን ያዘች። ከፊቷ መንገዱ ላይ እንጨት ተጋድሟል። የውድድሩ አዘጋጆች ዘግተውታል። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ከመኪናው ዘላ ወረደች።

«ቀስ ብለህ ና» አለችው፤ እሱ ግን ቀስ ብሎ እንደማይመጣ ታውቅ ነበር።

ዳገቱን ሮጠች። ጉሙ እየሳሳ ሄደ፣ ሸንተረሩ ላይ ስትደርስ ግን ነፋሱ ጆሮዋን እንደ ጥፊ መታት። ከፊቷ ከላይ ፉጨት ሰማች። የፉጨቱ ትርጉም አንድ ነው፤ አንድ ሰው ወርዷል።

የመጀመሪያው ጋላቢ ሄዷል። ሁለተኛው ሰውነቱን ወደ ኋላ ጥሎ ከጠርዙ ሲጠፋ በዓይኗ አየችው። ሦስተኛው መስመሩ ላይ ቆሟል። ከእሱ ቀጥሎ ዶሪን ናት፣ ቀይ የራስ ቁሯን አድርጋ፣ አንድ እግሯን መርገጫው ላይ ሰቅላ።

«ዶሪን፣ ቁሚ» አለች ሄልሚ እያለከለከች። «የፊት ጎማሽ አየር ያፈሳል። ፕላስተሩ ነው።»

ዶሪን ዞር ብላ አየቻትና ለቆሙት ሰዎች ተናገረች። «ይኸው መጣችላችሁ። ዛሬስ ምኔ ነው የተሰነጠቀው፣ እንጂነሯ? የራስ ቅሌ ነው?»

ሰልፉ ሳቀ።

«ጎማሽን ተጫኝው በቃ።»

«ተጭኜዋለሁ። ነይ ተጫኚው አንቺም፣ ይውጣልሽ።»

ሄልሚ ጎንበስ ብላ ተጫነችው። ጠንካራ ነው። ጎኑ ላይ የአባቷ ነጭ ጭረት አለች፤ ዳገቱ እንኳ አላጠፋትም። የቨርን ጎማ ላልቷል ማለት የዶሪንም ላልቷል ማለት ነው? ያየችው ሁለት ጎማ ነው። በግንቦትም እርግጠኛ ነበረች።

«አሁን ነፍተሽዋል?» አለች።

«እዚህ ስደርስ። ምን ችግር አለው?»

«ከቤት ስትወጪስ?»

«ያኔም። ብርድ ነዋ፣ እህቴ። ከተማ ብርድ የለም እንዴ?»

«በአንድ ጠዋት ሁለቴ» አለች ሄልሚ። ከአንዱ ጋላቢ እጅ የውኃ ጠርሙስ ቀማች ማለት ይቻላል፣ የሽቦዎቹ ሥር ላይ አፈሰሰችው። ተንበርክካ አየች። ነፋሱ ውኃውን እየጠረገ ወሰደው። አረፋ ያለ ይመስላል፤ ከዚያ የለም። ደግማ አፈሰሰች። ገንዳው ቢኖር ኖሮ በአንድ አፍታ ይታይ ነበር። ገንዳው ግን ታች ነው።

ፉጨት ተነፋ። ሦስተኛው ወረደ።

«ዶሪን፣ ወደ መስመሩ» አለ ሩዲ። ሩዲ ፊሽካውን የያዘው የውድድሩ ዳኛ ነው፤ ውዝግብ የማይወድ ሰው ነው። «ሄልሚ፣ እባክሽ ተነሺ።»

«ሩዲ፣ አታስወርዳት።»

«በምን ምክንያት? ጎማው ጠንካራ ነው፣ የአርቮ ምልክት አለበት። ሌላ ምን ልጠይቅ?»

ዶሪን ብስክሌቷን ገፋ አድርጋ መስመሩ ላይ አቆመች። ሄልሚ ከፊቷ ተነሥታ መሪውን ያዘች።

«ልቀቂ» አለች ዶሪን። አሁን ቀልዱ ከድምፅዋ ጠፍቷል። «አንዴ አስቆምሽኝ። እሺ ብዬ ወረድኩ። ዓመት ሙሉ የለፋሁበትን ለቀለም ጭረት ጣልኩት። ሁለተኛ አታደርጊኝም። ልቀቂ፣ በእግሬ ሳልገፋሽ።»

«ዶሪን።»

የአርቮ ድምፅ ነው። ዳገቱን ሲወጣ ቆቡ ወድቆበት ነጭ ጸጉሩ በነፋሱ ቆሟል። ለመናገር ሞክሮ መጀመሪያ ትንፋሹን መጠበቅ ነበረበት።

«እሰይ» አለች ዶሪን። «አርቮ፣ ልጅህን ሰብስብልኝ።»

«ውረጂና አውልቂው» አለ።

«ምን?»

«ጎማውን። እውነቷን ነው።»

ሰልፉ ውስጥ የነበረው ሳቅ ቆመ። ዶሪን መነጽሯን ወደ ግንባሯ አነሣችው።

«አንተ አይደለህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይኸው ጭረትህ።»

«ጭረቷን ያደረግሁት በማግስቱ ጠዋት ከነፋሁት በኋላ ነው። አየሩ አላደረም። ሟሽሾ ነው ያገኘሁት።»

ሄልሚ ከጀርባዋ አንድ ጎማ በጣት ሲጫኑት የሚሰማውን ትንሽ ድምፅ ሰማች። ዞር ስትል ሰልፉ ላይ ያለ አንድ ሰው ጎንበስ ብሏል። ከዚያ ሌላው። እያንዳንዱ ጎማ ላይ ያቺ ነጭ ጭረት አለች።

ዶሪን ግን አርቮን እያየች ራሷን ነቀነቀች።

«ገባኝ» አለች። «ልጅህን ለማዳን ነው። በግንቦት ስለሳቅህባት ቆጭቶህ፣ ዛሬ ደግሞ በሰው ፊት ልታስከብራት። ደግ አባት ነህ። ግን በእኔ አይሆንም። ይሄን ሁሉ ዓመት ያላበላሸኸውን ሥራ ልክ ዛሬ አበላሸሁ ብትለኝ አላምንህም።»

እግሯን መርገጫው ላይ አደረገች። ሩዲ ፊሽካውን አንሥቶ፣ ማንን እንደሚያይ ጠፍቶት፣ ጉም ጉሙን ያያል።

አርቮ ከፊት ጎማው ፊት መጥቶ ተንበረከከና ጎማውን በጉልበቶቹ መሐል ያዘው። ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣ። ቫልቩ ላይ የፕላስቲክ ቆብ አለች፤ ሕፃን ልጅ የሚፈታት፣ ከምስር ብዙ የማትበልጥ። አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን አስጠግቶ ያዛትና አዞረ። ጣቱ ተንሸራተተ። እንደገና ያዛት፤ አሁን እየተመለከተ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ መርፌ የሚያሾልክ ሰው መስሎ። ቆቧ አልተነቃነቀችም። ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር ጣቱ ከቫልቩ አልፎ ሽቦው ላይ ሄዶ መታና ቆዳው ተላጠ። ደም ወጣ። አርቮ አላየውም። ደሙ ቸርኬው ላይ ሲንጠባጠብ አይቶ ነው የማን እንደሆነ ለማወቅ እጁን የገለበጠው።

ሄልሚ ልትረዳው ጎንበስ አለች፤ በክርኑ ገፋ አደረጋት።

ዶሪን ያንን ጣት አየች። ከብስክሌቷ ወረደች።

ብስክሌቱን ገልብጣ ጎማውን ፈታች። ቆቧን በሁለት ጣቷ ፈትታ ኪሷ ከተተች፣ አየሩን ለቀቀች፣ የጎማውን ከንፈር በተረከዟ ረግጣ አላቀቀች። ጣቷን አስገብታ ፕላስተሩን ፈለገች። መጎተት አላስፈለጋትም። ነጭ እያንጠባጠበ ክንድ የሚያህለው ተላጦ ከእጇ ጋር መጣ። ሥሩ ያሉት ቀዳዳዎች ግማሾቹ ራቁታቸውን ነበሩ።

ያንን ፕላስተር ለረጅም ጊዜ ይዛው ቆመች። ከዚያ ቁልቁል ወደ ግንቡ፣ ወደ ጉሙ አየች።

«ካመናዳሪ ያለው ሰው አለ?» አለች።

አንዱ ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት። ካመናዳሪ ለማስገባት ግን የድሮውን ቫልቭ መንቀል አለባት፣ ቫልቩን የያዘችው ዳዶ ደግሞ በጣቷ አልፈታ አለች። በጣት ብቻ ነው የምትጠብቀው፤ ሱቁ በር ላይ አርቮ ራሱ የጻፈው ማስታወቂያ ያንን ይላል። ዶሪን ቀና ብላ አየችው።

«በፒንሳ ነው ያጠበቅኋት» አለ አርቮ። «ጣቴ አልበቃ ቢለኝ።»

«ይህንንም» አለች ዶሪን። ጎማውን ወደ ሄልሚ ገፋችው።

ሩዲ ከዕቃ ሳጥኑ ፒንሳ አመጣ። ሄልሚ ዳዶዋን ስትፈታ አርቮ ተነሥቶ ወደ ሰልፉ ሄደ። የተላጠውን ጣቱን በመሐረብ ጠቅልሎታል። የመጀመሪያው ሰው ፊት ቆመና ጎማውን አየ።

«ይሄን ባለፈው መስከረም ነው የለጠፍኩልህ። ደህና ነው፣ ሂድበት።» ቀጠለ። «ይሄን በሚያዝያ። አውልቂው፣ የኔ ልጅ።» ቀጠለ። «አንተ የኋላውን ብቻ ነው ያሠራኸኝ። የኋላውን አውልቅ።»

«አርቮ፣ ይሄ እኮ እስካሁን ምንም አልሆነም» አለ ሰውየው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አውልቅ ስልህ አውልቅ።»

ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሲደርስ ከአንድ ጎረምሳ ብስክሌት ፊት ብዙ ቆየ። ጭረቷን በግራ እጁ ዳሰሳት። «አላስታውስም» አለ በመጨረሻ። «በረዶው ሳይቀልጥ ይሁን ከቀለጠ በኋላ አላስታውስም። ስለዚህ አውልቅ።»

ሩዲ ውድድሩን ሊሰርዝ ፈልጎ ነበር። ሰዎቹ ግን ወደ ታች የወረዱት ሦስቱ እየጠበቁ ነው አሉ፤ ደግሞም ማንም በመኪና መውረድ አልፈለገም። ካመናዳሪ ያለው ለሌለው አበደረ፣ ፓምፖች ተቀባበሉ። ሄልሚ ከጎማ ወደ ጎማ እየሄደች ተንበረከከች። ጣቶቿ በወተቱ ተጣበቁ፣ በብርዱ ደነዘዙ፤ ማንም እንጂነሯ አላላትም፣ ማንም አመሰግናለሁም አላላት።

የዶሪን ጎማ በመጀመሪያ ተነፋ። ካመናዳሪ ያለበት ጎማ በጣም ካልተነፋ ድንጋይ ላይ ይበሳል፣ በጣም ከተነፋ ደግሞ መሬቱን አይዝም። እንደ ኳስ ይነጥራል። ዶሪን ይህን ከማንም የበለጠ ታውቃለች። መስመሩ ላይ ቆመች።

«ቀስ በይ» አላት አርቮ።

መነጽሯን አወረደች። ሩዲ ፉጨቱን ነፋ።

ወረደች። ቀይ የራስ ቁሯ ጉሙ ውስጥ ገብቶ ጠፋ፤ ከዚያ ወዲያ የቀረው ድምፅ ብቻ ነበር። ጎማው ድንጋይ ላይ ሲነጥር ተሰማ፣ ፍሬን ጮኸ፣ እንደገና ነጠረ። ሸንተረሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ፓምፑን እንደያዘ ቆመ። ሄልሚ አባቷ ክንዷን እንደያዘ ያወቀችው ሲያማት ነው፤ ይዞ የነበረው በቀኝ እጁ ነበር፣ ምን ያህል እንደጨመቀ የማያውቅበት እጅ። አላስለቀቀችውም።

ርብራቡ ተሰማ። እንጨቱ ከጎማው ሥር ግድግድግድ አለ። ከዚያ መታጠፊያው ላይ ድምፁ ቆመ።

ነፋሱ ብቻ ነበር። ሩዲ አንድ እርምጃ ወደ ጠርዙ ሄደ።

ከዚያ ከግንቡ ወዲያ፣ ከታች፣ የዶሪን ድምፅ መጣ። ካመናዳሪውን እየሰደበች ነበር፤ ካመናዳሪውን፣ የፈለሰፈውን ሰው፣ የሰውየውን እናት፣ ከዚያ አርቮን በስሙ፣ ከዚያ እንደገና ካመናዳሪውን። ስድቡ እየራቀ፣ ጎማው እየነጠረ፣ ቁልቁል ሄደ።

«ተሳደበች» አለ አርቮ።

«ሰማሁ» አለች ሄልሚ።

ክንዷን ለቀቀ። ሰልፉ ውስጥ ገና ያልተፈቱ ጎማዎች ነበሩ። ወደሚቀጥለው ሄዶ ቆመና፣ ዳዶዋን በጣቱ ሳይነካ፣ ሄልሚ ፒንሳውን ይዛ እስክትመጣ ጠበቀ።